ሲያንስ የማይቀልል፦ የትናንሽ ባቡሮች ሐዲድና በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎቹ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ቺሎክዊን በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ፣ ትሬን ማውንቴን የተሰኘ የትናንሽ ባቡሮች መስመር አለ። በኩዌንቲን ብሪን አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሥርቶ፣ በ2004 ከዓይነቱ በዓለም ረጅሙ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። የሐዲዱ ጠቅላላ ርዝመት ዛሬ ከ50 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ግን 190.5 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ገደማ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚዘልቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነውና፣ ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። መስመሩን በአብዛኛው የሚጠግኑት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እንግዲህ ሐዲዱ ሲያንስ ጥገናውም አብሮ ይቀልላልን? አይቀልልም እላለሁ። የሚያንሰው ብረቱ ነው፤ መሬቱ፣ ፀሐዩና ተሳፋሪው አያንሱም።

በመጀመሪያ መሬቱን እንመልከት። በክረምት በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ ሲበርድ ወደ በረዶነት ይለወጥና ያብጣል፤ ሐዲዱንም ወደ ላይ ይገፋዋል። አንደኛው ሐዲድ ከሌላው በ10 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል፣ በ1435 ሚሊ ሜትሩ መስመር ላይ የሚፈጠረው ዘንበልታ 0.4 ዲግሪ ያህል ነው። በትንሹ መስመር ላይ ግን ያው 10 ሚሊ ሜትር 3 ዲግሪ ይሆናል። በዚያ ላይ ተሳፋሪው ሙሉ ክብደቱን ይዞ፣ ከሠረገላው በላይ ይቀመጣል። የክብደቱ ማዕከል ከፍ ያለ፣ መቆሚያው ደግሞ ጠባብ በመሆኑ፣ ትንሽ ዘንበልታ ሰው ሊጥል ይችላል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። 100 ሜትር የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 36 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ብዙ ትናንሽ መስመሮች የሚጠቀሙበት አሉሚኒየም ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ በቂ ክፍተት ካልተተወ፣ ቀጭኑ ሐዲድ ወደ ጎን ይጎብጣል።

ስለዚህ የጥገናው ሥራ የሚጀምረው በማየት ነው። አንዱ መስመሩን በእግሩ እየተከተለ የላላውን ብሎን፣ የበሰበሰውን አግዳሚ እንጨት፣ የተደፈነውን የውኃ መውረጃ ይመዘግባል። ሌላው ስፋቱን በመለኪያ፣ የግራና የቀኙን እኩልነት በውኃ ልክ ይፈትሻል። የሰመጠ ቦታ ሲገኝ ሐዲዱን ብድግ አድርገው ከአግዳሚዎቹ ሥር የተፈጨ ድንጋይ ይጠቀጥቃሉ፤ ከዚያም እንደገና ይለካሉ። ድንጋዩ ጭነቱን ለአፈሩ ያከፋፍላል፤ ውኃውንም ያሳልፋል። ጠርዛማው የሚመረጠው እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚጸና ነው፤ ክብ ጠጠር ግን ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ከምሕንድስናው የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል። ደመወዝ የሌለውን ሰው በዝናብ ወጥተህ ብሎን አጥብቅ ብሎ ማስገደድ አይቻልም። ባቡር መንዳት ሁሉም የሚሻው ደስታ ነው፤ ድንጋይ መጠቅጠቅ ግን ጀርባ ያደክማል፣ ተመልካችም የለውም። በእንዲህ ያሉ ማኅበራት ከሚያገለግሉት ብዙዎቹ በጡረታ ዕድሜ ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ የትኛው ኩርባ በየዓመቱ እንደሚሰምጥ የሚያውቀው ሰው ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮት ሊቀበር ይችላል። በመሆኑም የፍተሻው መዝገብ በጽሑፍ መያዝ፣ ወጣቱም ከአረጋዊው ጎን ተንበርክኮ መማር አለበት።

ለእናንተ ለምሕንድስና ተማሪዎች የማስተላልፈው ይህን ነው፦ የአንድን ሥራ ስፋት ስትቀንሱ፣ የትኛው ኃይል አብሮ እንደሚቀንስና የትኛው እንዳለ እንደሚቀር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያም ያ ያልቀነሰው ኃይል በየዓመቱ ሲመለስ መለኪያውን ይዞ የሚወጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ።