ብስክሌትና የደነዘዙት ጣቶቼ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እኔም ከዴንቨር ወጣ ብዬ በተራራ ብስክሌት ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ትንሿና የቀለበት ጣቴ ሲደነዝዙ «ዕድሜ ነው» እያልኩ ደበቅሁ፤ ብዕር መጨበጥ እስኪያቅተኝ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእነዚህ ጣቶች ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በትንሿ ጣት በኩል፣ በመዳፍ ሥር ያልፋል። የሰውነት ክብደት መሪው ላይ ሲያርፍ ነርቩ ይጨፈለቃል፤ ንዝረቱም ያባብሰዋል። የኔ ኮርቻ ወደ ፊት አዘንብሎ ክብደቴን ሁሉ እጄ ላይ ይጥለው ነበር። ኮርቻውን አቃናሁ፤ መሪውን ከፍ አደረግሁ፤ የእጄ አንጓ እንዳይታጠፍ የፍሬን መያዣዎቹን አዞርኩ፤ አጨባበጤንም አላላሁ። በሳምንታት ውስጥ ተሻለኝ።

ውድ ወገኖቼ፣ ድንዛዜው ካልለቀቃችሁ ወይም ጣታችሁ ከሰነፈ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነርቭ እንደ ጎማ አይቀየርም።