በቃል ያለ ይረሳል፤ ጋብቻችሁን በመዝገብ አስፍሩ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ አስኮን አልፈን ስንሄድ ቡራዩን እናገኛለን። ቡራዩ ዱሮ እርሻና ግጦሽ የሚበዛባት ነበረች። ዛሬ ቤት በቤት ሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ውስጥ ተጠቃላለች። መሬት ሲለካ፣ ቤት ሲሸጥ፣ ካሣ ሲከፈል አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ሚስቱ ማናት? ማስረጃስ አላት ወይ?» ይባላል።

በዚህ ሳምንት የምናወጋችሁ ስለዚሁ ማስረጃ ነው። ስሙ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይባላል።

ጎረቤት ያውቃል፤ መዝገብ ግን አያውቅም

ብዙ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። «እኛ በሽማግሌ ነው የተጋባን። ዘመድ አዝማድ መርቆናል። አገር ያወቀውን ጋብቻ ምን መዝገብ ያስፈልገዋል?»

ነገሩ እውነት ነው። በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን በተክሊልና በቁርባን የተፈጸመም ጋብቻ ነው። በኒካህ የታሰረም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ በሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ ይቀበላል። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው።

ለምሳሌ አንዲት እናት እናስብ። ከባሏ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራለች። አብረው ቤት ሠርተዋል፤ ላም አርብተዋል፤ ልጅ አሳድገዋል። አንድ ቀን ባልየው ይሞታል። ከለቅሶው በኋላ ስለ ንብረቱ ክርክር ይነሣል። በጋብቻ ውስጥ አብረው ያፈሩት ንብረት የሁለቱም ነው። ነገር ግን ድርሻዋን ለመውሰድ ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። ባሏ የጡረታ መብት ካለውም ያው ጥያቄ ይመጣል። የመረቋት ሽማግሌዎች ሞተው ይሆናል። በሠርጉ ላይ የነበሩት ወደ ሌላ አገር ሄደው ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

ሕጉ መቼ መጣ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ እንዲሰፍሩ አስቦ ነበር። የመዝገቡ ሥራ ግን በመላ አገሪቱ ሳይጀመር ብዙ ዓመት አለፈ። በአንዳንድ ከተሞች ብቻ ማዘጋጃ ቤቶች የጋብቻ ወረቀት ይሰጡ ነበር። በገጠር ያለው ሰው መዝጋቢ አልነበረውም።

በኋላ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ። አዋጁ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እንዲመዘገቡ ያዝዛል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው በየቀበሌው ይገኛል። በሕጉ ስሙ የክብር መዝገብ ሹም ይባላል። ሰዎች ግን «የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ» ይሉታል። ወሳኝ ኩነት ማለት በሰው ሕይወት ውስጥ የሚሆን ትልቅ ነገር ማለት ነው። መወለድ፣ ማግባት፣ መፋታትና መሞት ናቸው።

በአሜሪካ ሥርዓቱ ለየት ይላል። በዚያ አገር ሙሽሮች ከሠርጉ በፊት ወደ አካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሄደው የጋብቻ ፈቃድ ያወጣሉ። ከሠርጉ በኋላ የተፈረመው ወረቀት ተመልሶ እዚያው ይመዘገባል። በእኛ አገር በባህል ወይም በሃይማኖት የሚጋቡ ሰዎች እንዲህ ያለ ፈቃድ አያወጡም። እነርሱ የሚፈለግባቸው ጋብቻውን ማስመዝገብ ነው።

እንዴት ይመዘገባል?

ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባል። ባልና ሚስት ሁለቱም ይቀርባሉ። ምስክሮቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። መታወቂያና ፎቶግራፍ ይይዛሉ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ የተጋቡ ከዚያ የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ቀበሌው ሌላ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እንዳትመላለሱ።

በቡራዩ ብዙ ጊዜ አንዱ ሙሽራ የአዲስ አበባ፣ አንዱ የቡራዩ ነዋሪ ይሆናል። አዲስ አበባና ቡራዩ መዝገባቸው ለየብቻ ነው። የቡራዩ መዝገብ በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። ስለዚህ በየትኛው ቀበሌ መመዝገብ እንዳለባችሁ ከሠርጉ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ።

ሹሙ ዝም ብሎ አይመዘግብም። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። ሁለቱም ወደው መጋባት አለባቸው። አባት ስለፈለገ ብቻ ልጅን መዳር አይቻልም። ስለዚህ መዝገቡ ልጃገረዶችንም ይጠብቃል። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ብትቀርብ ሹሙ መመዝገብ አይችልም።

ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት።

ዱሮ ብዙዎቻችን ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትም ነበር። ጸሐፊው ምን እንደጻፈ አናውቅም ነበር። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ ብዕር ከመያዛችሁ በፊት አራት ነገሮችን እዩ።

አንደኛ፣ ስማችሁን እዩ። የራሳችሁ፣ የአባታችሁና የአያታችሁ ስም በትክክል ተጽፏል? በመታወቂያችሁ ላይ ወርቅነሽ፣ በመዝገቡ ላይ ወርቄ ከሆነ ኋላ «ይህች ሌላ ሴት ናት» ሊባል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀኑን እዩ። የተጋባችሁበት ቀንና የተመዘገባችሁበት ቀን የተለያዩ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ዕድሜያችሁን እዩ።

አራተኛ፣ የምስክሮቹን ስም እዩ።

በኦሮሚያ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የሚጻፈውም በቁቤ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ ፊደል ብቻ የምታነቡ ከሆነ አያፍራችሁ። ቁቤ የተማረ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ወይም ሹሙን «እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልን» በሉት። ስሕተት ካለ ሳይፈረም ይታረማል። ከተፈረመ በኋላ ማረም ብዙ ያመላልሳል።

ገንዘብ ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። በር ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ። ደላላ የሚያመጣው ወረቀት መዝገብ ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። መዝገብ ላይ የሌለ ወረቀት ደግሞ ለክርክር ቀን አይሆንም።

ዱሮ የተጋባንስ?

ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተጋባችሁም ማስመዝገብ ትችላላችሁ። 30 ቀኑ ያለፈባችሁም ቢሆን በሩ አልተዘጋም። ጊዜው በራቀ ቁጥር ግን ሹሙ የሚጠይቀው ማስረጃ ይበዛል። ስለዚህ ሠርጋችሁን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሂዱ። ዛሬ በአካል ቆሞ የሚመሰክር ሽማግሌ ለከርሞ ላይኖር ይችላል።

መዝገቡን እንዴት እናገኛለን?

የምስክር ወረቀት ይጠፋል፤ ይቃጠላል፤ አይጥ ይበላዋል። መዝገቡ ግን በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል። ቅጂውም ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይላካል። ስለዚህ ወረቀት የጠፋበት ሰው ወደተመዘገበበት ቀበሌ ሄዶ ምትክ ይጠይቃል።

ሠራተኛው ፈልጎ እንዲያገኝ ሦስት ነገር ንገሩት። የባልና የሚስት ሙሉ ስም፣ የተመዘገባችሁበት ቀንና የመዝገቡ ቁጥር ናቸው። ቁጥሩ በምስክር ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ዛሬውኑ ቁጥሩን በደብተር ገልብጡት። ደብተሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡ። የቀበሌያችሁንም ስም ጻፉ። ቀበሌ ሲከፈልና ሲጣመር ስሙ ይለወጣል፤ የዱሮውን ስም የሚያውቅ ሰው መዝገቡን ቶሎ ያገኛል።

መዝገብ ባይኖርስ?

ያን ጊዜ መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። ከላይ ያነሣናት እናትም ተስፋ አትቆርጥም። ባልና ሚስት ተባብለው እንደኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ እንደሚያውቃቸው በምስክር ማስረዳት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለዚህ አራት ምስክሮች ይጠይቃል። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የቡራዩ ፍርድ ቤት የሚሠራው በዚያ ነው። የዕድር ሰዎች፣ የሠርጉ ሚዜዎች፣ የአካባቢ ሽማግሌዎች ለምስክርነት ይቀርባሉ።

ነገር ግን ይህ መንገድ ረጅም ነው። ቀጠሮ አለ፤ ወጪ አለ፤ የተከራካሪም ምስክር አለ። በሠርጉ ሰሞን ግማሽ ቀን ሰጥቶ መመዝገብ ይሻላል።

ፍቺም ቢሆን መመዝገብ አለበት። ፍርድ ቤት ካፋታችሁ በኋላ ውሳኔውን ይዛችሁ ወደ መዝጋቢው ሂዱ። ይህም በ30 ቀን ውስጥ ይሁን። አለዚያ ሌላ ትዳር ለመመሥረት በቀረባችሁ ጊዜ መዝገቡ አሁንም ያገባችሁ ናችሁ ይላል።

ለውይይት

1. በመንደራችን ጋብቻቸው የተመዘገበ ስንት ናቸው? ያልተመዘገበስ?

2. በመታወቂያችሁና በልጆቻችሁ የልደት ወረቀት ላይ ስማችሁ አንድ ዓይነት ነው? አውጥታችሁ አስተያዩ።

3. ለሠርጋችሁ ሊመሰክሩ የሚችሉ አራት ሰዎች እነማን ናቸው? ስማቸውን ዛሬ በደብተራችሁ ጻፉ።