ከጨንቻ ደጋ እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጅ፦ የአንድ ተማሪ ዕድል በምን ይመዘናል?

ልጁን እስከ 12ኛ ክፍል ያደረሰ ወላጅ፣ በጨንቻ ደጋም ይኑር በአርባ ምንጭ ከተማ፣ የብሔራዊው ፈተና ወራት በተቃረበ ጊዜ ወደ መምህራን ቀርቦ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባ ይሆን?» ይላል። መምህሩም የልጁን ትጋት ስለሚያውቅና የወላጁን ልብ ማሳዘን ስለማይወድ፣ «ጎበዝ ነው፤ እግዚአብሔር ካለ ይገባል» ብሎ ያሰናብተዋል። ይህ የቅን ሰው መልስ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ጎበዝ የተባለው ከማን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደተማረና ፈተናውስ ምን እንደሚጠይቀው አይነግረንም። ነገሩ በአገራችን ከሰባ ዓመት በላይ ሲያነጋግር የኖረ ስለሆነ፣ የዛሬውን የጋሞ ዞን ልጅ ዕድል ለመመዘን ከጥንተ ነገሩ መጀመር ይገባናል።

በቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዐት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤትም ወደ መጻሕፍት ቤት የሚሻገረው ደቀ መዝሙር መብሰሉ የሚታወቀው ለዓመታት ከእግሩ ሥር ባስቀመጠው መምህር ምስክርነት ነበር፤ መምህሩ የተማሪውን ድካምና ብርታት ቀን ከሌት ያየ ስለሆነ ፍርዱ የሚሳሳተው ከስንት አንዴ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ግን ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የሚመጡትን፣ እርስ በርሳቸውም የማይተዋወቁትን ተማሪዎች በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነበረበትና፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብሔራዊው የመልቀቂያ ፈተና፣ ሕዝቡ «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው፣ የከፍተኛ ትምህርት በር ጠባቂ ሆነ። በዚያ ዘመን ማትሪክ አልፎ በ1954 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ የገባው ሰው ስም በአውራጃው ሁሉ ይታወቅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ተቋም ሳልናገር ማለፍ አልፈቅድም። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት፣ በየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በብልጫ የፈጸሙትን ተማሪዎች እየመረጠ ወደ አዲስ አበባ ያመጣና፣ 12ኛውን ክፍል በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያስተምራቸው ነበር። ሥራው የተመሠረተበት አሳብ ቀላልና ትክክል ነው፤ ከሩቅ አውራጃ የመጣ ልጅ ከራሱ የማሰብ ኃይል ይልቅ የትምህርት ቤቱ ድህነት ወደ ኋላ ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ከመመዘኑ በፊት አንድ ዓመት የተስተካከለ ማዕድ ይቅረብለት የሚል ነበር። ይህን አሳብ አገራችን በኋላ ረስታው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ ስም መልሳ አገኘችው።

አርባ ምንጭ በበኩልዋ ከጨንቻ ተረክባ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ከሆነች በኋላ፣ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተተከለባት፤ ይኸውም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አሮጌውን ማትሪክ ለውጦ በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ሁለት ብሔራዊ ፈተናዎች እንዲሰጡ አደረገ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከአርባ በላይ ሆነ። በዚህ ዘመን የተማሪውን ዕድል የሚወስነው በየዓመቱ የሚቆረጠው የመግቢያ ነጥብ ነበር፤ ነጥቡም ባሉት ቦታዎች ብዛት ከፍና ዝቅ እያለ፣ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ክልሎች ልጆች በመጠኑ እየቀነሰ ይወጣ ነበር። ወላጅ «ዘንድሮ ስንት ይቆረጥ ይሆን?» እያለ ሲጠባበቅ፣ በጎን ግን ኩረጃ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ፤ በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው እስከ መሰረዝ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ውጤት የተማሪው ይሁን የጎረቤቱ በእርግጥ ለማወቅ የሚቻል አልሆነም። መልካም ተማሪና የኮረጀ ተማሪ አንድ ነጥብ ይዘው በአንድ አዳራሽ ሲቀመጡ፣ የተበደለው መልካሙ ነው።

የ2014 ዓ.ም. ፈተና ይህን ሁሉ ገለበጠው። ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተኙ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ፤ የማለፊያውም ልክ ከመቶ 50 ሆነ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፣ ማለት 3.3 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 መካከል 27,267፣ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 መካከል 36,409፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 መካከል 48,929 አለፉ። ይህ የመጨረሻው 8.4 ከመቶ ነው። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ ያለፉት ሰዎች ቁጥርም በራሱ አድጓልና። ይሁን እንጂ ለፈተና የሚቀርበው ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ መቀነሱን ሳያስተውል ከመቶኛው ብቻ ደስታን የሚቀዳ ሰው ግማሹን ነገር አላየም።

«ከመቶ 50» የሚለው ልክ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ በጥንቃቄ ያሰላ ሰው ግን ጥቂት ነው። ፈተናው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ያለው ስለሆነ፣ ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት ብቻ ቢያጠቁር በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ከጥያቄዎቹ አንድ ሦስተኛውን በእርግጥ የሚያውቅ ተማሪ፣ የቀረውን በግምት ቢሞላ፣ ከማያውቀው ሩብ ያህሉ ስለሚሳካለት ድምሩ ወደ ግማሽ ይደርሳል። እንግዲህ የማለፊያው ልክ በዕውቀት ረገድ ቢታይ፣ ከተማረው ሲሶውን አጽንቶ መያዝ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የአገሪቱ አማካይ ውጤት ከ30 ከመቶ በታች መሆኑ፣ አብዛኛው ተማሪ ከግምት ብዙም ያልራቀ እንደነበረ ያሳያል። ይህን የምጽፈው ተማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ ሲሶውን እንኳ ሳይዝ ከወጣ፣ ከልጁ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ያስቀመጠው ቤት ነው።

የአገሪቱ አማካይ መቶኛ ስለ አንድ ልጅ ዕድል የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑም ከዚሁ ይገለጣል። በ2015 ዓ.ም. ከ3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም፤ በአንጻሩ ተፈታኞቻቸውን በሙሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በመጀመሪያው ወገን የተማረ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ቢወጣም፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ ከመቶ 95 ቢጻፍለትም፣ ያ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚመሰክርለት ነገር የለም። በሁለተኛው ወገን ያለው ግን ከክፍሉ መጨረሻ ቢሆን እንኳ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሰው የልጁን ዕድል ለማወቅ ሲሻ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ትምህርት ቤቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከስንት ስንት አሳለፈ?» ብሎ ነው።

በጋሞ ዞን ይህ ልዩነት በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ተጽፎ ይታያል። አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጡ ጨንቻ በ2,700 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በአርባ ምንጭ ሰፈሮች በሲቀላ ወይም በሴቻ የሚኖር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሆነ በዓይኑ እያየ ያድጋል፤ ቤተ መጻሕፍትና ኮምፒዩተር ያገኛል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያስጠናዋል። በቦንኬ፣ በካምባ፣ በዲታ ወይም በደራማሎ ወረዳ ገደል ሥር ያለው ልጅ ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ወይም በወረዳው ከተማ ክፍል ተከራይቶ ስንቁን ከቤቱ እየተሸከመ ይማራል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጋሞኛ ከተማረ በኋላ፣ በቀድሞው የደቡብ ክልል ሥርዐት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበት ነበር፤ አማርኛውንም እንደ ሌላ ትምህርት ይማር ነበር። ፈተናውን የሚያነበው፣ መምህሩም እንደ ልብ በማይናገረው በዚሁ በእንግሊዝኛ ነው። በፊዚክስ ጥያቄ የወደቀ ልጅ በፊዚክሱ ይሁን በቋንቋው እንደወደቀ የሚለይለት የለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር መፈተኑም፣ ኮምፒዩተር ነክቶ ለማያውቀው የደጋ ልጅ ተጨማሪ ሸክም መሆኑ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው፣ ከቁጥሩ ውስጥ ጭራሽ ያልገቡት ልጆች ነገር ነው። ከዶርዜና ከአካባቢው ደጋ ብዙ ወንዶች ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ለሽመና ሥራ መወሰዳቸው የታወቀና ለብዙ ዘመን የቀጠለ ሐዘን ነው። የጋሞ ሸማኔ ጥበብ የአገር ክብር ነው፤ ከትምህርት ገበታ የተነጠቀ ልጅ ጉልበት ግን ክብር ሊሆን አይችልም። ከመቶ 8.4 የሚለው ቁጥር የሚቆጥረው 12ኛ ክፍል ደርሰው ከፈተናው አዳራሽ የተቀመጡትን ነውና፣ በ6ኛ ክፍል ከመሸመኛ ጉድጓድ የገባው ልጅ ዕድል በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ማለፍና የፈለጉት ቦታ መግባት ደግሞ ሁለት ልዩ ልዩ በሮች ናቸው። ቀድሞ በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪ ይቀበሉ ለነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የዛሬዎቹ አላፊዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ ግማሹን ያገኘ ተማሪ ቦታ አያጣም ለማለት ይቻላል፤ ውድድሩ በየትኛው ዩኒቨርሲቲና በምን ትምህርት የሚለው ላይ ነው። ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴርም በውጤቱና በምርጫው ይመድበዋል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ ከተለዩት ስምንት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በመሆኑ ከመላው ኢትዮጵያ ይመረጣል፤ የጨንቻ ልጅ ጎረቤት ስለሆነ የሚያገኘው ቅድሚያ የለም። ከገባም በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ስላለ፣ ሕክምናን ወይም ምህንድስናን ለማግኘት እንደገና በውጤት ይወዳደራል። የአዲስ አበባ እና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው መግቢያ ፈተና ይመርጣሉ፤ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከብሔራዊው ውጤት በላይ የራሱን ፈተና ይሰጣል። ለእነዚህ ለሚያመለክት ተማሪ ከመቶ 50 በቂ መስሎ እንዳይታየው ወላጅ ይወቅ።

በሌላው ዓለምም መፍትሔው አንድ አይደለም። ቻይና በአንድ ታላቅ ብሔራዊ ፈተና ትመርጣለች፤ በአሜሪካ ያሉት ስመ ጥር ኮሌጆች ግን ከውጤቱ ጋር የተማሪውን ጽሑፍ፣ የመምህራኑን ምስክርነትና ያደገበትን ሁኔታ ያነባሉ። ይህ ሁለተኛው መንገድ የድሮውን የመምህር ምስክርነት የሚመስል መልካም ጎን ቢኖረውም፣ ምስክርነት በዝምድና በሚለወጥበት አገር ላይ ዛሬ ቢተከል ድኻውን የሚጠቅም አይመስለኝም። ጥብቁ ፈተና ይቆይ፤ ኩረጃን አሸንፏልና።

ነገር ግን የተመዘነው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ማለፊያው ነጥብ ለተቃረቡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ሕዝቡ «ሪሚዲያል» የሚለው፣ የበዕደ ማርያምን አሳብ ያስታውሰኛል፤ ልዩነቱ ያኛው ከፈተናው በፊት ይሰጥ የነበረ፣ ይኸኛው ከወደቁ በኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው። የቀድሞው ቅደም ተከተል የተሻለ እንደነበረ አምናለሁ። አንድ ዓመት ከመውደቅ በፊት ቢሰጥ ልጁ ልቡ ሳይሰበር ይማራል፤ ትምህርት ቤቱም ጉድለቱን አስቀድሞ ያያል።

ስለዚህ «ልጄ ይገባ ይሆን?» ለሚለው ወላጅ በቅንነት ሊመለስለት የሚገባው እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ያለፉት ዓመታት ውጤት ይታይ፤ ልጁ ከቀድሞ አላፊዎች አንጻር የት እንደቆመ ይጠየቅ፤ ካለፉት ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች አንዱን፣ ሰዓት ተቆጥሮ፣ ረዳት ሳይኖር፣ መልሱን ሳያይ ይሥራ። በዚህ ሞዴል ፈተና ከመቶ 60 የሚያመጣ ልጅ ተስፋው ጽኑ ነው፤ 40 የሚያመጣው በቀረው ጊዜ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ቢበረታ ይደርሳል፤ 28 የሚያመጣው ግን እየገመተ ነውና፣ ይህን እውነት በ12ኛ ክፍል ግንቦት ከሚሰማው በ9ኛ ክፍል መስከረም ቢሰማው ሦስት ዓመት ባተረፈ ነበር።

ለጋሞ ዞን የትምህርት ኃላፊዎችም የማቀርበው ልመና አለኝ፤ የእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተፈታኝና አላፊ ቁጥር በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፣ ወላጅም ይየው። ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ በክረምት ወራት ግቢው ከተማሪ ሲለቀቅ፣ ከቦንኬ፣ ከካምባ፣ ከዲታና ከጨንቻ ብርቱ የሆኑትን የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች አምጥቶ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በኮምፒዩተር እንዲያስተምራቸው እለምናለሁ፤ መምህሩም መኝታውም መጽሐፉም በግቢው ውስጥ አለና።