ዋይት ሮክ፦ ጡረታ የወጣው ግድብ

ትሪኒቲ ወንዝ የዳላስን መሃል ከተማ ታክኮ ያልፋል፤ ሆኖም እዚያው ከተማ ብዙ ዓመት ኖሮ ወንዙን ቆሞ ያላየ ሰው ጥቂት አይደለም። ውሃው በሁለት ረጃጅም የአፈር ክትሮች መካከል ስለሚወርድ የሚታየው በመኪና ድልድይ ሲሻገሩ፣ ያውም ለአፍታ ያህል ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሌክ ሃይላንድስ ሲመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በኦዴሊያ፣ በፎረስት ሌንና በግሪንቪል መንገዶች ዙሪያ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ፣ የትሪኒቲ ገባር የሆነው ዋይት ሮክ ጅረት ከመኖሪያ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተጉዞ፣ በአውራ ጎዳናዎች ሥር ሾልኮ፣ ከሰፈሩ በስተደቡብ የተንጣለለውን ዋይት ሮክ ሐይቅ ይሞላል። ሯጩም፣ ብስክሌተኛውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የሚወጣውም መድረሻው እዚያ ነው። እንግዳ ሰው ሲያየው ተፈጥሮ ለዳላስ ያደላች ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሐይቁ ሰው የሠራው የመጠጥ ውሃ ግድብ መሆኑ ነው። ዛሬ የከተማዋ ተወዳጅ መዝናኛ የሆነውም ለመዝናኛ ታቅዶ ሳይሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው ሲያበቃ መሬቱ ሳይሸጥ በሕዝብ እጅ ስለቀረ ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ሐይቁን እንድናደንቀው ብቻ ሳይሆን የእኛም ድርሻ ምን እንደሆነ እንድንረዳ ያግዘናል።

የሐይቁ ልደት ከሁለት ተቃራኒ መቅሠፍቶች ጋር የተያያዘ ነው። በ1908 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በግንቦት ወር ትሪኒቲ ሞልቶ ዳላስን አጥለቀለቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ፣ ድልድዮች ተወሰዱ። ጎርፉ ገና ከሰው አፍ ሳይጠፋ ድርቅ ተከተለ፣ ያው ከተማ የሚጠጣው ውሃ አጠረው። ከተማው በዋይት ሮክ ጅረት ላይ ግድብ መሥራት የጀመረው በ1910 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ተጠናቀቀ። ዳላስ ግን በፍጥነት አደገች። በ1920ዎቹ ከከተማው በስተሰሜን ሌክ ዳላስ የተባለ በጣም ትልቅ ማጠራቀሚያ ሲሠራ፣ ትንሹ ግድብ ገና 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጡረታ ወጣ። ወሳኙ ጊዜ ይህ ነበር። በዙሪያው ያለውን መሬት ሸንሽኖ ለቤት ሠሪ መሸጥ ይቻል ነበር፤ ከተማው ግን የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ወሰነ። በ1930 በምሥራቁ ዳርቻ ለዋናተኞች መታጠቢያና ልብስ መለወጫ የሚሆን ቤት ተሠራ። ከ1935 ጀምሮ ደግሞ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ሥራ ላጡ ወጣቶች የተቋቋመው የፌዴራል የሥራ ጓድ በሐይቁ ዳር ሰፍሮ መንገድ ጠረገ፣ ዛፍ ተከለ፣ የድንጋይ መጠለያዎችን ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያው ሰፈር በሰሜን አፍሪካ ግንባር የተማረኩ የጀርመን ወታደሮች ተይዘውበት ነበር።

ዛሬ የውሃው ስፋት 1,015 ኤከር፣ ማለትም 410 ሄክታር ያህል ነው። ዙሪያውን የሚዞረው የእግርና የብስክሌት መንገድ 9.3 ማይል ወይም 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በ1971 የተጀመረውና ዛሬ የዳላስ ማራቶን የሚባለው ውድድርም ለብዙ ዓመት በሐይቁ ስም ይጠራ ነበር። ከ10.5 የፈረስ ጉልበት በላይ ሞተር ያለው ጀልባ ስለማይፈቀድ ውሃው የሸራ ጀልባ፣ የካያክና የቀዘፋ ቡድኖች ነው፤ ትልቅ ከተማ መሃል ሆኖ ያን ያህል ጸጥ የማለቱም ምክንያት ይኸው ደንብ ነው። በምሥራቅ በኩል ሰንሴት ቤይ በሚባለው ሰላጤ ከመስከረምና ጥቅምት ጀምሮ ነጫጭ ፔሊካኖች ከሰሜን መጥተው ይከርማሉ፣ በጸደይ ይመለሳሉ። የዝዋይን ወይም የአብያታን ፔሊካን የሚያውቅ ሰው ዘመዶቻቸው መሆናቸውን ወዲያው ይለያል፦ በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ክንፋቸውን ይገልጣሉ፣ ያን ትልቅ የመንቁር ከረጢት ወደ ላይ ቀና አድርገው ያራግቡታል፣ ከዚያም በቡድን እየዋኙ ዓሣውን ወደ ጥግ ይነዱታል። በሐይቁ አካባቢ ባሉ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ደግሞ መጤ የሆኑ አረንጓዴ በቀቀኖች ከጭራሮ ግዙፍ ጎጆ ሠርተው፣ ብዙ ጥንድ በየክፍሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

ጥበቡም ከውሃው አልራቀም። ዋና ከቀረ በኋላ ባዶውን የቆመው የ1930ው መታጠቢያ ቤት በ1981 ታድሶ ባዝ ሃውስ የባህል ማዕከል ሆነ፤ አነስተኛ ቲያትር ቤትና የሥዕል ማሳያ አለው፣ ዳላስ በየሰፈሩ ከከፈተቻቸው የባህል ማዕከላትም የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ወረድ ሲሉ በ1984 የተከፈተው የዳላስ አርቦሬተም፣ 66 ኤከር የሚሸፍን የአበባና የዕፅዋት ቦታ ይገኛል፤ አንዱ ክፍሉ በነዳጅ ፍለጋ የታወቀው ኤቨረት ደጎልየር ቤት የሠራበት ርስት ነበር። አርቦሬተም መግቢያ ያስከፍላል፣ ዳርቻው ግን በነጻ ነው። ለሌክ ሃይላንድስ ነዋሪ ከሁሉም የሚቀርበው በኖርዝዌስት ሃይዌይ ዳር ያለው ፍላግ ፖል ሂል ነው፤ ልጆች የሚንከባለሉበት፣ ወላጆች ምንጣፍ አንጥፈው የሚቀመጡበት ሰፊ ኮረብታ።

አሁን ወደ ትሪኒቲ እንመለስ፤ ንጽጽሩ ነገሩን ያጠራዋል። ዳላስ ወንዟን ለመቶ ዓመት ያህል ስታየው የኖረችው እንደ ንግድ መሥመር ወይም እንደ ጠላት ነው። በ1893 አንድ የእንፋሎት መርከብ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ዳላስ ሲደርስ ከተማው የወደብ ባለቤት የሆነ መስሎት ተደሰተ። የመርከብ ቦይ የመቆፈሩ ሐሳብ ግን እየተንከባለለ ቆይቶ በ1973 መራጩ ሕዝብ ገንዘቡን አልፈቅድም ብሎ ዘጋው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወንዙ ከቀድሞ ሰርጡ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ በክትር ታጠረ። ኋላ ደግሞ በክትሮቹ መካከል የክፍያ አውራ ጎዳና ይሠራ ተብሎ 20 ዓመት ገደማ ክርክር ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን ሰረዘው። ወንዙን ለሕዝብ መዝናኛ ማድረግ የተጀመረው በቅርቡ ነው፦ በ2008 በቀድሞ ሕገወጥ የቆሻሻ መጣያ ላይ የትሪኒቲ ሪቨር ኦዱቦን ማዕከል ተከፈተ፣ በ2014 ደግሞ የድሮው ኮንቲኔንታል ድልድይ ከመኪና ነጻ ሆኖ ለእግረኛ ተሰጠ። ከተማው ውሃውን ለመጠቀም ብቻ ባየበት ቦታ መቶ ዓመት አለፈ፤ የውሃውን ዳር ለሰው ክፍት ባደረገበት ቦታ ግን ሰው ራሱ መዝናኛውን ፈጠረ።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። የ1908ን ጎርፍ ያየ ሕዝብ ክትር ባይሠራ ምን ሊያደርግ ኖሯል? ትክክል ነው፤ ክትሩ ባይኖር ዛሬ ለመዝናናት የሚወጣ ከተማም ባልኖረ። ነገር ግን ክትር ጎርፍን ይከላከላል እንጂ ሰውን መከልከል የለበትም። በክትሮቹ መካከል ያለው ሜዳ ቤት የማይሠራበት መሬት ነው፤ ዋይት ሮክ ጅረት በሌክ ሃይላንድስ ሲያልፍ ዳርና ዳሩ ያለው መሬትም እንዲሁ። አንዱ ለአሥርተ ዓመታት ባዶውን ሲቀመጥ በሌላው ላይ የእግር መንገድና የኳስ ሜዳ ተሠራበት፤ የሃሪ ሞስ መናፈሻ የእግር ኳስ ሜዳዎች በጅረቱ አጠገብ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ጎርፍ የሚወስደው ቤት እንጂ ሣር አይደለም፤ ውሃው ሲሸሽ ጨዋታው ይቀጥላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጪ ነው፦ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ካልተንከባከቡት ይሞታል። ይህም እውነት ነው። ጅረቱ ከፍሪስኮ ተነስቶ በፕሌኖ በኩል ሲወርድ ግንባታ ያላቀቀውን ጥቁር የሸክላ አፈር ይዞ ይመጣል፤ ሐይቁም በደለል እየተሞላ ከመጀመሪያ ስፋቱ ቀንሷል፣ በተደጋጋሚም ተጠርጓል፤ የመጨረሻው ትልቅ ጠረጋ በ1998 ተጠናቀቀ። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ከላይ ሰፈሮች የታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስና የፎም ኩባያ በዳርቻው ግንዶች መካከል ተጠራቅሞ ይታያል። ሆኖም ወጪው ሐይቁን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ማንኛውም መናፈሻ ጥገና ይፈልጋል፤ እዚህ ግን አንዱ ጥገና ሯጩንም፣ ወፉንም፣ ቲያትር ተመልካቹንም በአንድ ጊዜ ያገለግላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፦ የሕዝብ የሚባለው የማንኛው ሕዝብ ነው? በዘር መድልዎ ዘመን የመዋኛ ዳርቻው የነጮች ብቻ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ መጥቶ ሐይቁ ለጊዜው ወደ መጠጥ ውሃነት ሲመለስ ዋና ተከለከለ፤ እስከ ዛሬም እንደተከለከለ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ከመጀመሪያው ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር ማለት ሐሰት ነው። መሬቱ በከተማው እጅ ባይቆይ ኖሮ ግን በኋላ የሚከፈት በርም አይኖርም ነበር፤ የግል አጥር ቢሆን ሕግ ሲለወጥም አጥር ሆኖ ይቀራል። ይዞታው ዛሬም ጠባቂ ይፈልጋል። በ2012 ዊንፍሪ ፖይንት የሚባለው የሣር ሜዳ ለአርቦሬተም ጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ይሁን ሲባል፣ በ2014 ደግሞ ቦይ ስካውት ሂል ላይ ምግብ ቤት ይሠራ ሲባል ነዋሪው በብዛት ወጥቶ ተቃወመ፤ የምግብ ቤቱ ሐሳብም ቀረ።

ይህ ነገር ለአገር ቤት አንባቢም ባዕድ አይደለም። በአምቦ መንገድ ያለው የገፈርሳ ግድብ እስከ ዛሬ ለአዲስ አበባ ውሃ ያቀርባል፤ የከተማዋን ወንዞች ዳርቻ የማልማት ሥራም በ2019 ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ቦታ ዋጋው የሚለካው በተነጠፈው ድንጋይ ሳይሆን፣ ተራው ሰው ሳይከፍል የሚደርስበት ዳር በመቅረቱ ነው።

የሌክ ሃይላንድስ ሐበሻ ሁለት ሥራ እየሠራ መዝናኛ የት ያምረዋል የሚል ሊኖር ይችላል። ጊዜና ገንዘብ ላጠረው ሰው ግን ከቤቱ አጠገብ ያለ ነጻ ቦታ ይጠቅመዋል እንጂ ትርፍ ነገር አይሆንበትም። የብሉ ላይን ባቡር ዋይት ሮክ ጣቢያ ያወርዳል፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ በእግር ይኬዳል። ዓሣ ማጥመድ የሚፈልግ፣ ዕድሜው 17 ከሞላ፣ አስቀድሞ የቴክሳስ ፈቃድ ይግዛ። ከሌሎቹ የሐይቁ ጎረቤቶች የሚለየን ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ እኛ ከሐይቁ በላይ ነን፤ በደጃችን ቦይ የወደቀ ጠርሙስ ዝናብ ሲጥል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ፎር ዘ ላቭ ኦቭ ዘ ሌክ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በየወሩ በሁለተኛው ቅዳሜ ዳርቻውን ያጸዳል። ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ ነውና እድሮቻችን፣ የኳስ ቡድኖቻችንና ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ከእነዚያ ቅዳሜዎች አንዱን በዓመት የራሳቸው ያድርጉ።