ነገ ያረጀበት ሰፈር

ስለ ነገ ማውራት የማይወድ ወጣት ማን አለ? «ቤት ስሠራ፣ መኪና ስገዛ» እያልን ስንት ማኪያቶ ጨርሰናል! አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ ግን ወሬውን ትቶ ነገን በሲሚንቶና በብረት አቆመው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ አናሃይም ላይ በተከፈተው ዲዝኒላንድ ውስጥ «ቱሞሮውላንድ» የሚባል ክፍል አለ፤ የነገ ምድር ማለት ነው። ያኔ ሊያሳይ የተነሳው የ1986ን ዓለም ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገ የተከፈተው በችኮላ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም ስላጠረ ክፍተቱ በኩባንያዎች ማስታወቂያ ተሞላ። አንዱ አዳራሽ ስለ አሉሚኒየም ነበር። በዓመቱ ደግሞ «የነገ መታጠቢያ ቤት» መጣ። ሰው ለመዝናናት ከፍሎ ገብቶ ቧንቧ ሲጎበኝ ይታያችሁ!

እኔን ከሁሉም የገረመኝ በ1957 የተከፈተው የፕላስቲክ ቤት ነው። የሠራው ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ብርቅ የነበረው ማይክሮዌቭ ሳይቀር ነበረው። ሚሊዮኖች ጎበኙት። አሥር ዓመት ሲሞላው ግን ያ ሁሉ ብርቅ ተራ ነገር ሆነና ይፍረስ ተባለ። ማፍረሻው የብረት ኳስ ሲመታው ነጥሮ ተመለሰ አሉ! በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ቤቱ ጠንካራ ነው፤ ፋሽኑ ነው ያለፈበት።

ጨረቃም እንደዚያው ናት። በ1955 ጎብኚው ክብ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ በፊልም ጨረቃን ዞሮ ይመለስ ነበር። በ1969 ሰው የእውነት ሲረግጣት የውሸቱን ጉዞ ማን ይፈልገው? በ1975 መንገዱ ወደ ማርስ ዞረ፣ በ1992 እሱም ተዘጋ።

በ1967 ሰፈሩ እንደ አዲስ ተሠራ። ዋልት ዲዝኒ ግን ምርቃቱን አላየም፤ በዲሴምበር 1966 ሞቷል። በ1998 ወራሾቹ ነገን መተንበይ ሳይታክታቸው አልቀረም፤ የድሮ ሰዎች ያለሙትን ነገ በነሐስ ቀለም ቀብተው አቀረቡ። ቀለሙ ብዙ ሰው አላስደሰተም፣ በኋላ ተቀየረ። ያኔ የተጀመሩት ፈጣን ተሽከርካሪዎችም ለዝግተኛ ጉዞ በተሠራ አሮጌ መንገድ ላይ ተለቀቁና ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን መያዝ ግድ ሆነባቸው። በ2000 ቆሙ።

ከመጀመሪያው ቀን መዝናኛዎች የሰነበተችው አውቶፒያ ናት፤ ልጆች ትንንሽ መኪና የሚነዱባት። መጀመሪያ መሃል ላይ መሪ ሐዲድ ስላልነበራት እየተላተሙ መኪኖቹን ሰባበሯቸው፤ በ1960ዎቹ ተዘረጋላት።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የአንዲት እህታችን ጥያቄ ነው። እጮኛዋ «ቤቱ ሳያልቅ ሠርግ የለም» ካላት አራት ዓመቱ። ቤቱ ሊያልቅ ሲል «ይሄ ሴራሚክ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ያስነቅለዋል፤ አሁን ደግሞ ተራው የኮርኒሱ ነው። እህቴ፣ ኮርኒሱን ተይውና ቀን ቁረጥ በይው፤ ሽማግሌዎቹ ባሉበት። የቀረውን ቤት ገብታችሁ ትጨርሱታላችሁ። ቀን አልቆርጥም ካለ ግን ነገሩ የሴራሚክ አይደለምና፣ ምን እንደሆነ ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው።