የየቲሙን ልብ ማጽናት

ወላጁን ያጣ ልጅ ስንረዳ አስቀድመን የምናስበው ቀለቡን፣ ልብሱንና ደብተሩን ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልቡም ጠባቂ ይሻል። የልጅ ሐዘን ዘወትር በእንባ አይገለጥም፤ በቁጣ፣ በዝምታ፣ በሆድ ሕመም ወይም በትምህርት መድከም ይመጣል። ፈተና ሲቃረብ ወይም ቤተሰቡ ሲቸገር ደግሞ ይበረታል።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸውን ሳይወለዱ፣ እናታቸውን በ6 ዓመታቸው፣ አያታቸውን በ8 ዓመታቸው አጥተዋል። አንዱ አሳዳጊ ሲያልፍ ግን ሌላው ተቀብሏቸዋል፤ በመጨረሻም አጎታቸው አቡ ጧሊብ። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም አልቅሰዋል። ስለዚህ ሶብር ማለት እንባን መከልከል አይደለም።

እንግዲህ ለልጁ እውነቱን በዕድሜው ልክ እንንገረው፤ «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ካልነው በር በሩን ሲያይ ይኖራል። ሞቱ በእርሱ ጥፋት እንዳልመጣም እናስረዳው፤ ሕፃናት እንዲህ ያስባሉና። የምግቡ፣ የጥናቱ፣ የሶላቱና የእንቅልፉ ሰዓት የጸና ይሁን። በሰው ፊት «የቲሙ» አንበለው፤ በስሙ እንጥራው። ለሳምንታት መብላትና መተኛት ካቃተው ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ይህ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ለጋሾች ሆይ፣ የምትልኩት ገንዘብ ቀለቡን ይሸፍናል። ከቻላችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ የምትመጡበትን ቀን ንገሩት፤ ባላችሁትም ቀን ተገኙ። ቃል የተገባለት የቲም ቀን ይቆጥራልና። አላህ (ሱ.ወ.) መልካም ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።