በምንባቡ ያልተጻፈውን እንዴት እንመልስ?

ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የእንግሊዝኛ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎችን ሳስጠና፣ ከሁሉ የሚያስቸግራቸው መልሱ በቀጥታ ያልተጻፈ የአንብቦ መረዳት ጥያቄ ነው፡፡ ምንባቡ ስለ ነባር ሕዝቦች የቃል ትውፊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፡፡ ገሚሱ ‹‹ተረት ነው›› ብሎ ይንቀዋል፤ ገሚሱ ሁሉንም እንዳለ ይቀበላል፡፡ ሁለቱም ነጥብ ይጥላሉ፡፡

በምሳሌ ላስረዳ፡፡ በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት የሚኖሩት ሁአያቶች፣ ምድር በሌሊት ተንቀጥቅጣ ባሕሩ መንደር እንደጠረገ፣ ከፍታ ላይ የነበሩት ግን እንደተረፉ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል፡፡ በዚያው ጠረፍ፣ ነውጡን የነጎድጓድ ወፍና የዓሣ ነባሪ ጠብ ያመጣው ነው የሚሉም አሉ፡፡ በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1700 ምድር ሳይንቀጠቀጥ የደረሰ ሱናሚ በጃፓን መዛግብት ሰፍሯል፡፡ ተመራማሪዎች በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የማዕበሉ መነሻ በዚሁ የሰሜን አሜሪካ ጠረፍ የደረሰ፣ መጠኑ 9 ገደማ የሆነ ርዕደ መሬት መሆኑን አመለከቱ፡፡

ከዚህ ምን መገንዘብ ይቻላል?

ሀ. የቃል ትውፊት ሁሉ ትክክለኛ ታሪክ ነው፡፡
ለ. የቃል ትውፊት በእርግጥ የደረሰ አደጋን ትዝታ ሊይዝ ይችላል፡፡
ሐ. ጸሐፊው ርዕደ መሬቱን ያመጣው ወፉ እንደሆነ ያምናል፡፡
መ. ጃፓናውያን የማዕበሉን መነሻ ያን ጊዜውኑ ያውቁ ነበር፡፡

መልሱ ‹‹ለ›› ነው፡፡ ‹‹ሀ›› ከአንድ ምሳሌ ተነስቶ ‹‹ሁሉ›› ይላል፡፡ ‹‹ሐ›› የባለታሪኮቹን ቃል ለጸሐፊው ይሰጣል፤ ጸሐፊው ግን ‹‹የሚሉም አሉ›› ብሎ ራሱን ለይቷል፡፡ ‹‹መ›› በምንባቡ ድጋፍ የለውም፤ መነሻው የተመለከተው በ1996 ነውና፡፡

ስለዚህ ምርጫ ከማጥቆራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፡፡ ይህን የሚያስብለኝ የትኛው መስመር ነው? ተናጋሪው ማን ነው? መልሱ ከማስረጃው ይሰፋል ወይ? ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ዕውቀትም ሆነ ንቀት መልስ አይሆንም፡፡

ነገሩ ከፈተናም ያልፋል፡፡ በካናዳ በዴልጋሙክ የመሬት ክርክር የሥር ፍርድ ቤት ለነባር ሕዝቦች የቃል ታሪክ ተገቢውን ክብደት ነፍጎት ነበር፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ይህን ነቅፎ፣ የቃል ታሪክ ከጽሑፍ ሰነድ እኩል ቦታ ተሰጥቶት እንዲመዘን ወሰነ፡፡ ‹‹ተረት ነው›› ብሎ ማለፍ ለተማሪው ነጥብ ያስጥላል፤ ለባለታሪኮቹ ግን የመሬት ጉዳይ ነው፡፡